«ከ20 እስከ 20 ሺህ ሄርዝ» የሚል ስፒከር እንግዛ ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጅማ ነው የምንኖረው። ከጓደኛዬ ጋር ለሠርግ፣ ለልደትና ለስብሰባ ሳውንድ ሲስተም ማከራየት ልንጀምር ነው። ሁለት ዓይነት ስፒከር አይተናል። አንደኛው ባለ 15 ኢንች ነው፤ ካርቶኑ ላይ ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎሄርዝ፣ 3000 ዋት ይላል። ሌላው ባለ 12 ኢንች ነው፤ ከ55 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎሄርዝ ካለ በኋላ ±3 ዴሲቤል የሚል አለው፣ ከሥሩ ደግሞ 45 ሄርዝ፣ −10 ዴሲቤል ይላል። ዋቱ 500 ብቻ ነው፣ ዋጋው ግን ይበልጣል። ሻጩ የመጀመሪያው ወደ ታች ስለሚወርድ ቤዙ ይሻላል ይላል። ጓደኛዬም እሱን ነው የሚለው። ቤዝ የሌለው ሠርግ ደግሞ ለቅሶ ነው የሚመስለው። የቱን እንግዛ? ባለ 12ቱን ገዝተን ቤዙን በኢኳላይዘር ብንጨምርለትስ?»

ባለ 12ቱን ግዙ። ኢኳላይዘሩን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን) ደግሞ ለቤዝ ብላችሁ አትንኩት። ከዚህ በታች ያለው ለምን እንዲህ እንዳልኩ ነው። ጓደኛህም ያንብበው፣ በተለይ ጓደኛህ።

መጀመሪያ ያ «ከ20 እስከ 20 ሺህ» ከየት እንደመጣ እንወቅ። የሰው ጆሮ ነው። ሄርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲበዛ ይቀጥናል። ጤነኛ የወጣት ጆሮ በግምት ከ20 ሄርዝ እስከ 20 ሺህ ሄርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ላይኛው ጫፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ካርቶን የሚያሳትመው ሰው ታዲያ ስፒከሩን ለመለካት ሳይደክም ይህንኑ የጆሮ ቁጥር ይለጥፈዋል። ለጆሮ ማዳመጫም ያው፣ ለማይክም ያው፣ ለትንሿ የብሉቱዝ ስፒከርም ያው። ውሸት ነው ብለህ እንኳ አትከሰውም። ማንኛውም ስፒከር 20 ሄርዝ ብትልክለት ትንሽ ነገር ያወጣል። ምን ያህል ያወጣል? እሱን አልጻፈም። ጨዋታው ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጅማ ነህና በቡና ልንገርህ። አንድ ሰው ደውሎ «20 ኪሎ ቡና አለኝ» ቢልህ ስለ ዋጋ ከማውራትህ በፊት የምትጠይቀው ነገር አለ፤ ጀንፈል ነው ወይስ የተፈለፈለ? ከነገለባው ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከሄርዙ ጎን የተጻፈው ±3 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ለዚህ ዓይነት ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የመጀመሪያው ሻጭ 20 ኪሎ ብሎ ዝም አለ። ሁለተኛው 55 ብሎ፣ እንዴት እንደመዘነም ነገረህ። ስለዚህ 20ን ከ55 ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ አንዱ ተለክቷል፣ አንዱ አልተለካም። ሻጩ የተሳሳተው እዚህ ነው። ላታልላችሁ ብሎ ላይሆን ይችላል፣ እሱም ካርቶኑን ነው ያነበበው።

±3 ዴሲቤል ማለት ይህ ነው፤ ከ55 ሄርዝ እስከ 20 ኪሎሄርዝ ባለው መንገድ ሁሉ የስፒከሩ ድምፅ ከመካከለኛው መስመር ከ3 ዴሲቤል በላይ ወደ ላይ አይወጣም፣ ከ3 ዴሲቤል በላይም አይወርድም። −10 የሚለው ደግሞ 45 ሄርዝ ላይ ሲደርስ ከመስመሩ በ10 ዴሲቤል ወርዷል እያለህ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ዴሲቤልን እንደ ኪሎ ነው የሚያየው። እንደዚያ አይደለም። 3 ዴሲቤል ወረደ ማለት ኃይሉ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው። 10 ከወረደ የቀረው አንድ አስረኛ ነው፣ ለጆሮም ድምፁ ግማሽ የሆነ ያህል ይመስለዋል። 20 ሲወርድ አንድ መቶኛ፣ 30 ሲወርድ አንድ ሺህኛ።

ይህን ይዘን ወደ ባለ 15ቱ እንምጣ። የኪራይ ስፒከር አብዛኛው ፊቱ ላይ የንፋስ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ነው፤ ፖርት የምንለው። ሳጥኑና ፖርቱ አንድ የተቃኙበት ነጥብ አላቸው፣ እንደ ክራር። ከዚያ ነጥብ በታች ድምፁ በየኦክታቩ በ24 ዴሲቤል ገደማ ይወድቃል። ኦክታቭ ማለት ሄርዙ በግማሽ ሲቀንስ ወይም እጥፍ ሲሆን ነው፤ ከ100 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 25። ለዚያ ሳጥን ደግ ሆነን 50 ሄርዝ ላይ ተቃኝቷል እንበል። 20 ሄርዝ ላይ ሲደርስ 30 ዴሲቤል ያህል ወርዷል። ከሺህ አንድ ቀረ ማለት ነው። 3000 ዋት ብላችሁ የምትገዙት ዕቃ ካርቶኑ በሚኩራራበት 20 ሄርዝ ላይ የሚሠራው የ3 ዋት ሥራ ነው፣ ያውም 3000ው እውነት ከሆነ።

ስለ 3000ውም አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። የታወቁ አምራቾች ሦስት የዋት ቁጥር ይሰጣሉ፤ ተከታታይ (ሳያቋርጥ የሚችለው)፣ ፕሮግራም (ከፍ ዝቅ ለሚል ዘፈን) እና ፒክ (ለቅጽበት ብቻ)። በተለመደው አሠራር ፕሮግራሙ የተከታታዩ እጥፍ፣ ፒኩ አራት እጥፍ ነው። እንግዲህ 3000ው ፒክ ከሆነ ስፒከሩ ሳይቃጠል አምሽቶ የሚችለው 750 ነው። የቱ እንደሆነ ካልተጻፈ ደግሞ ቁጥሩን ዝም ብለህ እለፈው። ከዋት ይልቅ ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ፈልግ፤ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚያወጣ የሚናገረውን። ሁለት ስፒከር በ3 ዴሲቤል ከተበላለጡ ያነሰው እኩል ለመጮኽ እጥፍ ኃይል የሚሰጥ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። አምፕሊፋየሩ ውስጡ የተገጠመለት ከሆነ ይህ ቁጥር ላይኖር ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ከፍተኛው የድምፅ መጠን የሚለውን ተመልከት።

አሁን ስለ ቤዝ። ቤዝ ስትል ስንት ሄርዝ ማለትህ ነው? ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝቱ ወፍራሙ ክር 41 ሄርዝ ነው። ባለ አምስት ክሩ 31 ላይ ይደርሳል። የፒያኖ የመጨረሻዋ የግራ ቁልፍ 27 ተኩል ነች፣ ማን ይነካታል? ደረት ላይ የሚመታው የቤዝ ድራም ጉልበት አብዛኛው ከ50 እስከ 100 ባለው ውስጥ ነው ያለው። ሠርግ ላይ ሰው የሚያስነሳው የጉራጊኛም ሆነ የኦሮምኛ ምት ጉልበቱ እዚሁ አካባቢ ነው። 20 ሄርዝ ላይ የሠርግ ዘፈን ውስጥ ምንም የለም ብትል አትሳሳትም። ለጆሮህ መለኪያ ከፈለግህ ደግሞ ማታ መንደሩ ጸጥ ሲል የመብራቱ ትራንስፎርመር ሲያጉረመርም አዳምጠው። መብራታችን 50 ሄርዝ ስለሆነ ትራንስፎርመሩ በዋናነት የሚያጉረመርመው በእጥፉ ነው፣ በ100 ሄርዝ። እርግጥ መብራት ካለ ነው። ከዚያ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ስትል 50 ላይ ነህ። ባለ 12ቱ እስከዚያ አካባቢ ድረስ በሐቅ ይሠራል።

አንጎልም ያግዛል። የቤዝ ጊታሩ ክር 41 ሲመታ 82ንም 123ንም አብሮ ያወጣል። ታችኛው ቢጠፋ እንኳ ጆሮ ከላይኞቹ ተነስቶ ዜማውን ይሞላዋል። የአባትህን ድምፅ በስልክ የምትለየው በዚህ ነው። የመደበኛው ስልክ መስመር የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ነው፣ የወንድ ድምፅ መነሻው ግን ከ85 እስከ 180 ገደማ ነው። መነሻው መስመር ላይ ጭራሽ የለም፣ አንተ ግን «አቤት አባዬ» ትላለህ። ስለዚህ 41ን የማያወጣ ስፒከር የቤዝ ጊታሩን ዜማ ያሰማሃል፤ ደረት ላይ የሚያርፈውን ምት ግን አያመጣልህም። ያ ምት ሌላ ዕቃ ይፈልጋል፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

የኢኳላይዘሩ ነገር። ሐሳቡ ሲያዩት ቀላል ነው፤ 45 ላይ 10 ዴሲቤል ጎድሏል፣ 10 ልጨምርለት። ግን 10 ዴሲቤል መጨመር ማለት አምፕሊፋየሩን እዚያ ቦታ ላይ አሥር እጥፍ ኃይል መጠየቅ ነው። ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ኮኑ አለ፣ ስፒከሩ ላይ እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ክብ። ያንኑ የድምፅ መጠን አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ለማውጣት ኮኑ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። 100 ሄርዝ ላይ 1 ሚሊሜትር የሄደ ኮን 50 ላይ 4፣ 25 ላይ 16 ሚሊሜትር ሊሄድ ነው። ፖርቱ በቅኝቱ አካባቢ ለኮኑ ያግዘዋል፣ ጭነቱን ይጋራዋል። ከቅኝቱ በታች ግን ኮኑን የሚይዘው አየር የለም። እንደተለቀቀ ጥጃ ይዘላል። ድምፅ አይሰማህም፣ ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ግን እየተገጨ ነው።

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ሠርግ ላይ ኦርጋን ተጫዋቹ በየዘፈኑ መሐል «ቤዝ ጨምር» በእጁ እያሳየኝ፣ እኔም ደስ እንዲለው ትንሽ ትንሽ እያልኩ የኢኳላይዘሩን የታችኛውን ፌደር (ወደ ላይና ወደ ታች የሚገፋውን መቆጣጠሪያ) እስከ ጣሪያ አደረስኩት። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ አንድ የሚያቃጥል ሽታ ድንኳኑን ሞላው። እንግዳው ጥብስ ያረረ መስሎት ወደ ወጥ ቤት ዞረ። ያረረው የእኔ ኮይል ነበር። የሠርጉ ክፍያ ለጥገናው አልበቃም። ኦርጋን ተጫዋቹ ደግሞ «ስፒከርህ ደካማ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ሌላው መታረም ያለበት ነገር 15 ኢንች ከ12 ሁሌም ይበልጣል የሚለው ነው። ለቤዝ ሰፊ ኮን ይጠቅማል፣ እውነት ነው፤ በትክክለኛ ሳጥን ውስጥ ሲሆን። ለንግግር ግን ሊጎዳችሁ ይችላል። 15 ኢንች 38 ሳንቲሜትር ነው። የ2000 ሄርዝ ድምፅ ሞገድ ደግሞ 17 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ኮኑ ከሞገዱ ሲሰፋ ድምፁ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ይጠባል። ርካሽ ባለ 15 ላይ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው) ትንሽ ስለሚሆን ትልቁ ኮን እስከ 2500፣ እስከ 3000 ሄርዝ ድረስ ብቻውን እንዲሠራ ይገደዳል። ቃል ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ደግሞ ጉልበታቸው በአብዛኛው ከ2000 እስከ 4000 አካባቢ ነው። ውጤቱን ታውቀዋለህ። ሽማግሌው ሲመርቁ መሐል የተቀመጠው «አሜን» ይላል፣ ጎን የተቀመጠው «ምን አሉ?» ይላል። ይህ ጉድለት ስፔኩ (የአምራቹ የቁጥር መግለጫ) ላይ አይታይም፤ ቁጥሩ የሚለካው ማይኩ ስፒከሩ ፊት ለፊት ቆሞ ነው። ለዚህ የምታዩት ሌላ ቁጥር አለ፣ የስርጭት ማዕዘን፤ 90 በ60 ዲግሪ የሚል ዓይነት።

የ±3ቱንም ስፒከር እንደ ታቦት እንዳታዩት። ±3 ማለት በአጠቃላይ የ6 ዴሲቤል ስፋት ያለው መንገድ ነው፣ በዚያ ውስጥ ብዙ መወላገድ ይቻላል። ሁለት ስፒከሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎባቸው አንዱ 3000 ሄርዝ ላይ ጉብ ብሎ ጆሮ የሚወጋ፣ ሌላው እዚያው ጎድጎድ ብሎ ድምፁ ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አምራቹ ግራፉን ካወጣው ግራፉን እዩ። ግራፉ እንደ ተተኮሰ ሸሚዝ ድርቅ ብሎ ለጥ ያለ ከሆነ ደግሞ ጠርጥሩ፤ የእውነተኛ ስፒከር መስመር ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ያ ግን በአማካይ ተለስልሶ ተሥሏል። የግራፉ የጎን ቁጥርም በስንት በስንት ዴሲቤል እንደተከፋፈለ ማየት ነው፣ የአንዱ መስመር 10 የሆነው የሌላው 5 ከሆነ ዓይን ይታለላል።

ደግሞ መለኪያው የሚሠራው በዝቅተኛ ድምፅ ነው፣ ብዙ ጊዜ በ1 ዋት። ሠርግ በ1 ዋት አይደገስም። አምፕሊፋየራቸው ውስጣቸው ያለ ዘመናዊ ስፒከሮች ድምፁ ሲጨምር ራሳቸውን ለማዳን ቤዙን ቀስ እያሉ ይቀንሳሉ። 55 ሄርዝ የተባለው መጀመሪያ ላይ እውነት ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ሁሉም ፌደር ወደ ላይ ተገፍቶ ሲያልቅ፣ 55ቱ 70 ሊሆን ይችላል። ብልሽት አይደለም፣ ሥራው ነው።

ቦታው ከስፒከሩ እኩል ይቆጠራል፣ እንዲያውም ለታችኛው ድምፅ ይበልጣል እላለሁ። ፋብሪካው የሚለካው ድምፅ በማይመለስበት ክፍል ወይም ባዶ ሜዳ ላይ ነው። የ50 ሄርዝ ሞገድ 7 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው። ከብሎኬት ግድግዳ ጋር አስጠግተህ ብታቆመው ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልሰው ታችኛው ክፍል እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፣ ጥግ ላይ ብታስገባው ከዚያም ይበልጣል። አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል ደግሞ በራሱ 34 እና 68 ሄርዝ አካባቢ ያስተጋባል፤ ክፍሉ ስለዘፈነ ስፒከሩ ይመሰገናል። እናንተ ግን ብዙ ጊዜ የምትሠሩት ድንኳን ውስጥ ነው። ለ50 ሄርዝ ድንኳን የለም። ሸራው ዝናብ ይከላከላል፣ ቤዝ አያቆምም፤ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፤ አንድ የላላ ሚስማር 80 ሄርዝ ላይ ይንጫረራል፣ እናንተ ስፒከሩ ተቀደደ ብላችሁ ትፈታታላችሁ። ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ላይ ተመልከቱ።

በነገራችን ላይ ከፍታችንም ትንሽ ይሰርቀናል። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ስላለ ያው ስፒከር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ አገር ይልቅ እዚህ አንድ ዴሲቤል ተኩል ያህል ያንሳል። አያስጨንቅም፣ አዲስ አበባ ላይ ይብሳል። ይልቅ የሚያስጨንቀው ርቀት ነው፤ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይጠፋል። ስፒከሩ አፍ አጠገብ፣ 1 ሜትር ላይ 120 የነበረ 16 ሜትር ላይ 96 ሆኖ ነው የሚደርሰው።

ከመክፈላችሁ በፊት ፈትሹት። ሱቅ ውስጥ አይደለም፣ ጠባብ ሱቅ ማንኛውንም ስፒከር ባለ ቤዝ ያደርገዋል። ሻጩን ለምኑና ግቢ ወይም በር ላይ አውጡት። ሁለቱን ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ፣ ይህ ዋና ነገር ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ያሳዩት ነገር አለ፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ መጀመሪያ የሚሰንፈው ለቤዝ ነው። ስለዚህ ትንሽ ከፍ ተደርጎ የተከፈተው ሁሌም ቤዝ ያለው ይመስላል። ሻጭ ሊሸጥ የፈለገውን ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ሳያውቀው።

ስልክ ላይ ቶን (አንድ ወጥ ድምፅ) የሚያወጣ አፕ ጫኑና 100፣ 80፣ 63፣ 50፣ 40 ሄርዝ ተራ በተራ ላኩለት፣ ከወሬ ድምፅ ብዙም ባልበለጠ መጠን። እየወረደ ሄዶ የት ላይ ድንገት እንደሚጠፋ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። አንድ ማጭበርበሪያ አለ፤ 50 ላይ ወፍራም የነበረው ድምፅ 40 ላይ ሲደርስ ቀጠን ካለ የምትሰሙት 40ን አይደለም፣ ኮኑ ተጨንቆ የፈጠረውን 80 ነው። ከፖርቱ «ፉፉፉ» የሚል ንፋስ ከመጣም የሳጥኑ ሥራ አልቋል ማለት ነው። ከዚያ የሰው ንግግር ክፈቱና ከፊት ወደ ጎን እየተራመዳችሁ አዳምጡ። ባለ 15ቱና ባለ 12ቱ የሚለያዩት እዚህ ላይ ሳይሆን አይቀርም። በስልክ የሚለካውን ግራፍ ሁለቱን ለማወዳደር ብቻ ተጠቀሙበት፣ ስልኩን አንድ ቦታና አንድ ቁመት ላይ አድርጋችሁ፤ የስልክ ማይክ ለታችኛው ድምፅ የተሠራ ስላልሆነ ቁጥሩ ራሱ አይታመንም።

ስትፈትሹ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ከ30 ሄርዝ በታች ያለ ቶን ፖርት ላለው ስፒከር ከፍ አድርጋችሁ እንዳትልኩ፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ልታበላሹት ትችላላችሁ፣ ያውም ያልከፈላችሁበትን። ከፍ ያለ፣ የማይቋረጥ ቀጭን ቶንም ትዊተር ያቃጥላል። የራሳችሁን ጆሮም አስቡበት። ለሥራ ቦታ በሰፊው የሚሠራበት ምክር 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። እንግዳው አንድ ቀን ነው የሚሰማው፣ እናንተ በየሳምንቱ ነው የምትቆሙበት። የጆሮ መድፈኛ ከማይክ ገመድ ይረክሳል።

እንግዲህ ግዢው። ባለ 12ቱን ጥንድ ከጥሩ ማቆሚያ ጋር ግዙ፣ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብለው ይቁሙ። ስብሰባና ምርቃት ላይ ለማይኩ ሚክሰሩ (ማይኩና ሙዚቃው የሚቀላቀሉበት ዕቃ) ላይ ያለውን ሎው ከት (ታችኛውን ድምፅ የሚቆርጠውን ቁልፍ) ተጫኑ፣ ንግግር ከ100 ሄርዝ በታች የሚፈልገው ነገር የለም፣ የሚቀረው የንፋስና የጠረጴዛ ኳኳታ ነው። በእኔ ልምድ እንዲህ ያለ ጥንድ ለልደትና መካከለኛ ለሆነ ሠርግ ያወጣል፣ ሰው ደረቱ ላይ ካልተመታ ካላለ። ካለ፣ ለዚያ ሠርግ ብቻ ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ከሌላ አከራይ ተከራዩና ክፍያው ላይ ጨምሩት። ሰብዉፈሩ ሲመጣ ከ90 ወይም ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን እሱ ይሥራ፣ ባለ 12ቱ ከዚያ በታች እንዳይሠሩ ቁረጡላቸው። ያኔ ባለ 12ቶቹም ሸክም ስለሚቀልላቸው የበለጠ ይጮኻሉ፣ ንግግሩም ይጠራል። ገንዘብ ስታገኙ የራሳችሁን ባለ 18 ኢንች ግዙ፣ ስፔኩ ላይ ያንኑ ጥያቄ እየጠየቃችሁ፤ 40 ሄርዝ ስንት ዴሲቤል ወርዶ? ግን ማጓጓዣውንም አስቡ። ባለ 12ቱ በባጃጅ ይሄዳል። ባለ 18ቱ ባጃጅ አይገባም።

ሳጥኑን እዚሁ እናሠራው የሚል ሐሳብ እንደሚመጣባችሁ አውቃለሁ፣ የጅማ አናጢ እጁ የተመሰከረለት ነው። እንጨቱን ይችሉታል። የሚያስቸግረው ልኩ ነው። የሳጥኑ ውስጥ ስንት ሊትር እንደሚይዝና የፖርቱ ርዝመት ከገዛችሁት ኮን ጋር ተሰልቶ ካልተገጠመ የሚያምር ቁም ሣጥን ነው የሚወጣላችሁ። የሌላ ሰው ሳጥን በሜትር ለክቶ ሌላ ኮን መክተት አይሠራም። አነስተኛ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና ትልቅ ድምፅ ደግሞ ሦስቱ አንድ ላይ አይገኙም፤ ሁለቱን መርጣችሁ አንዱን ትተዋላችሁ። ካርቶኑ ሦስቱንም ከሰጣችሁ ካርቶኑን ተጠራጠሩ።

የባለ 15ቱን የሞዴል ቁጥር ጻፉና የአምራቹን ገጽ ፈልጉ። ከተገኘ፣ ከሄርዙ ጎን ± ተጽፎ፣ የዋቱም ዓይነት ተለይቶ ከመጣ ላኩልኝ፣ ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ። ገጹ ላይም ያው «20–20» ብቻ ከሆነ ወይም አምራቹ ጭራሽ ከሌለ፣ ለባለ 12ቱ ቀብድ ክፈሉ፤ ቀብዱን ስትከፍሉ ግን ግቢ አውጥተን ሞክረን ነው ቀሪውን የምንከፍለው ብላችሁ ተስማሙ።